ፍርሃት የሚያወጣው በጀት

ከምከፍለው ግብር ላይ ትንሽዬ ሳንቲም የወሲብ ጥቃት ፈጽመው፣ ታስረው ለወጡ ሰዎች ማደሪያና ተቆጣጣሪ ይውላል። ይዋል። እንዲያውም ያንሳል ባይ ነኝ። ይሄን የምለው የሁለት ሴት ልጆች አባት ሆኜ ነው። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ሐሳቤን ሐበሻ ሰብሰብ ባለበት ባነሳሁ ቁጥር ቶናው ሳይቀዳ ጭቅጭቅ ይጀመራል።

"ለምን አይሰቅሏቸውም?" ይላል አንዱ። "ዕድሜ ልካቸውን ለምን አይቆልፉባቸውም?" ይላል ሌላው። ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔስ አባት አይደለሁ? ግን አብዛኛው ሰው የተፈረደበትን ጨርሶ ይወጣል። እዚህም ይወጣል፣ አዲስ አበባም ይወጣል። ወጣ እንበል። የዚያን ቀን ማታ የት ያድራል? ማን ያየዋል? ሕክምናውንና ቁጥጥሩን ማን ይከፍላል? ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል። እንደራሴዎቹም ያው ናቸው።

እኔ ጉዳዩን መከታተል የጀመርኩት ሰፈራችን ውስጥ ስብሰባ የተጠራ ጊዜ ነው። የሚኒሶታን አሠራር ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት አንድ ኮሚቴ ማኅደሩን ይመረምርና ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1፣ 2 ወይም 3። ደረጃ 1 ከሆነ በዋናነት ፖሊስና ተጎጂው ናቸው የሚያውቁት። ደረጃ 2 ከሆነ እንደ ትምህርት ቤትና የሕፃናት መዋያ ላሉ ቦታዎች ሊነገር ይችላል። ደረጃ 3 ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ ይጠራል፤ ፎቶው ይታያል፣ የሠራው ይነገራል፣ የሚገባበት አካባቢ ይጠቀሳል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1997 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ)።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፖሊሱ ተናገረ፣ ከማረሚያ መሥሪያ ቤቱ የመጣችው ሴትዮ ተናገረች፣ ከዚያ ጩኸት ሆነ። አጠገቤ የሰፈራችን እናት ተቀምጠዋል፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። "ልጄ፣ ምን እያለች ነው?" እያሉ እጅጌዬን ይጎትቱኛል። እተረጉምላቸዋለሁ። በመጨረሻ እጃቸውን አወጡ።

"ጠይቅልኝ፤ ይሄን ሰውዬ ልጅ የሌለበት ሰፈር ለምን አትወስዱትም በላት።"

ጠየቅኩላቸው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። "ልጅ የሌለበት ሰፈር ካወቁ ይንገሩኝ፣ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ" አለች። እማማ ሲተረጎምላቸው ትንሽ አሰቡና "እሱስ እውነቷን ነው" ብለው ተቀመጡ።

ሰው ሲበተን ሴትዮዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ሥራቸው ምኑ ላይ እንደሚከብድ ጠየቅኳት። እግራቸው ላይ የሚታሰረው የጂፒኤስ መከታተያ ወይም ቁጡ ሰው ማነጋገሩ መስሎኝ ነበር። "ክፍል መፈለግ" አለችኝ። ኤጀንቱ (እዚህ ተቆጣጣሪውን ኤጀንት ነው የሚሉት) ሰውየው የሚገባበትን አድራሻ ማጽደቅ አለበት። አከራይ ደግሞ ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ) አይቶ ስልኩን ይዘጋል። ቤተሰብ ካለው ቤት ውስጥ ልጅ ይኖራል፣ ወይም ቤተሰቡ ራሱ አይፈልገውም። እና ኤጀንቱ ሰውየውን ማየትና መከታተል ሲገባው ቀኑን ሙሉ አልጋ ሲለምን ይውላል። ደመወዙ እንደ ቁጥጥር ነው በጀት ላይ የሚጻፈው፤ ሥራው ግን የድለላ ሆኗል።

ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስመለስ በጀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ሱስ ነው የሆነብኝ። ባለቤቴ "የሰው አገር በጀት ምን አገባህ" ትለኛለች። ግብሬን እየከፈልኩ እንዴት የሰው አገር ይሆናል?

መጀመሪያ ግን ሚኒሶታ እዚህ እንዴት ደረሰች የሚለውን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ ያለው የዚህ ሕግ ግማሽ ታሪክ የተጀመረው ከኛ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በማይሞላ ቦታ ነው። ጥቅምት 1989፣ ሴንት ጆሴፍ የምትባል ትንሽ ከተማ። የ11 ዓመቱ ጄከብ ዌተርሊንግ ከወንድሙና ከጓደኛው ጋር በብስክሌት ወደ ቤት ሲመለስ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጠልፎ ወሰደው። እናቱ ፓቲ ዌተርሊንግ ያን ጊዜ የጀመረችው ትግል በ1991 የሚኒሶታን የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ አስገኘ፣ በ1994 ደግሞ በልጇ ስም የተሰየመውን የፌደራል ሕግ። እያንዳንዱ ስቴት መዝገብ እንዲኖረው ያስገደደው እሱ ሕግ ነው። የልጁ አፅም የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2016 ነው። ገዳዩ በሰዓቱ መርማሪዎች ይዘው ጠይቀው የለቀቁት የአካባቢው ሰው ሆኖ ተገኘ። በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት ስለማያውቅ ያኔ መዝገብ ቢኖር እንኳ ስሙ አይገኝበትም ነበር።

ፓቲ ራሷ ቆየት ብላ ሕጎቹ ከልክ በላይ ሰፍተዋል፣ ሁሉንም አንድ ላይ እየጨፈለቁ ነው ብላ በአደባባይ ተናግራለች። እኔ በበኩሌ ይሄን ከማንም ከፍ አድርጌ ነው የምሰማው። ልጇን ያጣች እናት እንዲህ ስትል፣ ቡና ላይ ተቀምጦ "ስቀሏቸው" የሚል ሰው ትንሽ ቢያዳምጥ ምን ይለዋል?

ሁለተኛው ክስተት በጀቱን ያናጋው ነው። ኅዳር 2003፣ ድሩ ሾዲን የተባለች የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ከገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ተጠልፋ ተገደለች። ገዳዩ ሚኒሶታ ውስጥ ረጅም ዓመት ታስሮ የወጣ ነው። ደረጃ 3። ከወጣ 6 ወሩ ነበር። ሕዝቡ አበደ፣ ቢያብድም አይፈረድበትም። ፖለቲከኛው ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተማረ፤ የለቀቅከው ሰው ስምህን ያጠፋዋል፣ የቆለፍክበት ሰው ግን በምርጫ አያስጠይቅህም።

ሚኒሶታ የወሲብ ወንጀለኞችን እስራታቸውን ከጨረሱ በኋላ ሳይለቁ የሚያቆዩበት ሌላ ተቋም አላት። ሙስ ሌክና ሴንት ፒተር በሚባሉ ከተሞች ነው ያለው። እስር ቤት አይባልም፣ "የሕክምና ፕሮግራም" ነው የሚባለው፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ትገባለህ፣ መውጫ ቀን የለህም። በ1994 የተጀመረ ነው። ከ2000 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ውስጥ የያዘው ሰው ብዛት ወደ አራት እጥፍ ሊጠጋ ትንሽ ቀረው። ዛሬ ከ700 በላይ ሰው አለበት። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ኦዲተር በ2011 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ለአንድ ሰው በዓመት የሚወጣው 120,000 ዶላር ነበር። ከመደበኛ እስር ቤት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ከስቴቱ ሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸርም በዚህ መንገድ ሰው በመያዝ ሚኒሶታ ከአገሪቱ አንደኛ ነበረች።

ታክሞ ስንት ሰው ወጣ? ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ የተሰናበተ የመጀመሪያው ሰው የተገኘው በ2016 ነው። ከተጀመረ ከ22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንድ የፌደራል ዳኛ በ2015 አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2017 ሻረው። ሕጋዊ ነው ተባለ፣ እሺ። ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ግን ገንዘቡን በትክክል ይጠቀማል ማለት አይደለም።

ስለ ሒሳቡ ሳነብ በጣም የገረመኝ ክፍያው የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ሰውየው ወደዚህ ተቋም እንዲገባ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የካውንቲው (ከስቴቱ በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ዐቃቤ ሕግ ነው። ካውንቲው ግን ይከፍል የነበረው ከወጪው 10 ከመቶውን ብቻ ነው፤ ቀሪው ከስቴቱ ካዝና ነው። በ2011 ድርሻውን ለአዲስ ገቢዎች ወደ 25 ከመቶ አሳደጉት። ያው ሰውዬ ቢለቀቅ ግን ካውንቲው ኤጀንት መቅጠር አለበት፣ ፖሊሱ ማየት አለበት፣ ነዋሪው ይጮህበታል። እስቲ እናንተ የካውንቲ ባለሥልጣን ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ማንም ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ሒሳቡ ራሱ ይገፋሃል።

መሀል መንገድ ለማበጀት የተሞከረ ጊዜም ነበር። ከሙስ ሌክ የተወሰኑ ሰዎችን በጥበቃ ሥር ካምብሪጅ በምትባል ከተማ ወዳለ አነስ ያለ ማዕከል ለማዛወር ታስቦ ነበር። ሰው ተንጫጫ። በ2013 ገዥው ማርክ ዴይተን እንዲቆም አዘዙ። የምርጫው ዓመት ደርሶ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልጨምርም።

አሁን ደግሞ ሐበሻው የሚቆጣበት ክፍል። "እነዚህ ሰዎች አይድኑም፣ ደግመው ማድረጋቸው አይቀርም" ይባላል። የሚኒሶታ ማረሚያ መሥሪያ ቤት ከ1990 እስከ 2002 የለቀቃቸውን 3,166 የወሲብ ወንጀለኞች ተከታትሎ ነበር። በአማካይ ከ8 ዓመት በላይ በሆነ ክትትል በአዲስ የወሲብ ወንጀል እንደገና የተያዙት ከመቶ 12 ናቸው። 12 ትንሽ አይደለም። ከያንዳንዱ ጀርባ የተጎዳ ሰው አለ፣ ያልተያዘም ይኖራል፤ ብዙ ተጎጂ ለማንም ሳይናገር ነው የሚኖረው። ግን "ሁሉም" ከሚባለው በጣም የራቀ ነው። ሌላው ቁጥር የበለጠ ያስገርማል። በሦስት ዓመት ውስጥ በድጋሚ በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው በ1990 ከተለቀቁት ከመቶ 17 ነበሩ፤ በ2002 ከተለቀቁት ከመቶ 3። ጥናቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ብሎ የጠቀሰው ከእስር በኋላ ያለው ቁጥጥር መርዘሙንና መጠናከሩን ነው። ኤጀንቱን ማለት ነው። ያንን አልጋ ሲለምን የሚውለውን ሰው። እስር ቤት ውስጥ የሚሰጠው ሕክምናም የራሱ ድርሻ አለው፤ እዚሁ ሚኒሶታ የተሠራ ሌላ ጥናት ሕክምናውን የወሰዱት እንደገና በወሲብ ወንጀል የመያዝ ዕድላቸው በ27 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

በተቃራኒው ምንም የማይሠራ ነገር ልንገራችሁ፣ ፖለቲከኛው ሁሉ የሚወደው፣ ምክንያቱም በጀት አይጠይቅም። "ከትምህርት ቤት በዚህን ያህል ጫማ ርቀት ውስጥ መኖር ክልክል ነው" የሚለው ደንብ። ብዙ ከተሞች አውጥተውታል። ያው የማረሚያ መሥሪያ ቤት በ2007 እንደገና የወሲብ ወንጀል ሠርተው የታሰሩ 224 ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ ከፍቶ አየ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ የርቀት ደንብ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ይቀር ነበር? መልሱ አንድም። ከ224 አንድም። ሰዎቹ ተጎጂዎቻቸውን ያገኙት በዘመድ፣ በጓደኛ፣ በፍቅረኛ ቤት፣ በሥራ ነው። ከሰፈራቸው ርቀው የሄዱም አሉ።

ነፃ የተባለው ደንብ ደግሞ ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ ሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ማያሚ ውስጥ ርቀቱን 2,500 ጫማ አድርገውት ሰዎቹ መኖሪያ አጥተው ከጁሊያ ተትል ድልድይ ሥር ድንኳን ተክለው ለዓመታት ኖሩ፤ እስከ 2010 ድረስ። የቁጥጥር ሠራተኞች ማታ ማታ ድልድይ ሥር ሰው ሊቆጥሩ ይሄዱ ነበር። የጂፒኤስ ማሰሪያው ቻርጅ ማድረግ ይፈልጋል፣ ድልድይ ሥር መብራት የለም። እዚህ ሚኒሶታ ቤት የሌለው ተመዝጋቢ በየሳምንቱ ፖሊስ ጋ ቀርቦ ያለበትን መናገር አለበት። በየሳምንቱ አንድ ፖሊስ ሥራውን አቁሞ ወረቀት ይሞላል። ቤት ቢኖረው ኖሮ ያ ሰዓት ለሌላ ነገር ይውል ነበር። እኔ የማደሪያ ገንዘብ ይጨመር የምለው አዝኜላቸው አይደለም። በር ያለው፣ የሚንኳኳ፣ ኤጀንት ሳይነገር ሊመጣበት የሚችል አድራሻ እንዲኖራቸው ስለምፈልግ ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩትና አዳራሽ ውስጥ ብናገረው ሰው የሚስቅብኝ ፕሮግራም አለ። ሰርክልስ ይሉታል። የጀመረው በ1994 ካናዳ፣ ሐሚልተን ነው። ሕፃናት ላይ ደጋግሞ ጥቃት የፈጸመ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው እስራቱን ጨርሶ ሊወጣ ነው። የተፈረደበትን ጊዜ በሙሉ ስለጨረሰ ቁጥጥር የሚባል የለበትም። ከተማው በተቃውሞ ተናወጠ። ሐሪ ናይ የተባሉ የሜኖናይት (አንድ የፕሮቴስታንት ዘርፍ ነው) ቄስ ከምእመናኖቻቸው ጥቂት ሰዎች ሰብስበው በየቀኑ ሊያዩት ተስማሙ። ሰውየው ከዓመታት በኋላ እስኪሞት ድረስ ዳግም በእንዲህ ያለ ወንጀል አልተከሰሰም።

አሠራሩ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም። ማኅበር በሉት። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ከአንድ ሰው ጋር በየሳምንቱ ይገናኛሉ። የሠራውን ወንጀል በዝርዝር ያውቁታል። ሥራ ማመልከቻ ሲሞላ ያግዙታል፣ ሐኪም ቤት ያደርሱታል፣ ልደቱን እንኳ ያከብሩለታል። ግን ደግሞ "ትናንት ለምን ስልክህን አላነሳህም? የት ነበርክ?" ይሉታል። ዓይኑን አይተው ይጠይቁታል። የሚያሳስብ ነገር ካዩ ለኤጀንቱ ይደውላሉ፣ ይሄን ራሱ ሰውየው አስቀድሞ ፈርሞበታል። ማኅበርተኛ የቀረበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ "ምን ሆነህ ነው?" እንደሚለው ነው፤ ፍቅርም አለበት፣ ወሬ ማጣሪያም ነው።

ሚኒሶታ ይሄን በ2008 ጀመረችው። ፈቃደኞቹ ሰውየውን ማግኘት የሚጀምሩት ገና እስር ቤት እያለ ነው። ግራንት ዱዌ የተባሉ የማረሚያ መሥሪያ ቤቱ ተመራማሪ ጥናቱን በዕጣ ነው የሠሩት፤ 50 ሰው ማኅበሩ ውስጥ ገባ፣ 50 ሰው አልገባም፣ ከዚያ ሁለቱንም ተከታተሉ። በ2018 በወጣው ውጤት ማኅበሩ ውስጥ የነበሩት በወሲብ ወንጀል እንደገና የመያዝ ዕድላቸው በ88 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ 50 ሰው አገር አይሆንም፤ ተጠራጣሪ ሰው ሊከራከርበት ይችላል። ግን እንዲህ በዕጣ የተሠራ ጥናት በዚህ መስክ ብርቅ ነው። ሒሳቡም ተሠርቷል፤ ለፕሮግራሙ የወጣ እያንዳንዱ 1 ዶላር 3.73 ዶላር መልሷል። ስቴቱ ያዳነው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሏል።

የሙስ ሌኩን 120,000 ዶላር እዚህ ጋ መልሱና አስቡት። ለአንድ ሰው፣ በየዓመቱ።

ታዲያ ይሄ ፕሮግራም ለምን በየካውንቲው የለም? ካናዳ የሆነውን ማየት ይበቃል። ፌደራል መንግሥቱ ለአምስት ዓመት ሙከራ ገንዘብ ሰጠ። በ2014 የወጣው ግምገማ ለአንድ ዶላር 4.60 ዶላር እንደሚመልስ አሳየ። እና ያን ጊዜ አካባቢ ገንዘቡ አለቀ፣ በ2015 ደግሞ ማረሚያው ይሰጥ የነበረችውንም ትንሽ ድጎማ አቋረጠ። በፌደራል በጀት ዓይን ከቁጥር የማትገባ ገንዘብ ነበረች። ቢሮዎች ተዘጉ፣ አስተባባሪዎች ተሰናበቱ። መንግሥት ከተቀየረ በኋላ በ2017 ወደ 7.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለአምስት ዓመት ተፈቀደ። አምስት ዓመት! ከዚያስ? የእስር ቤት ግንብ በአምስት ዓመት በሚያልቅ ድጎማ አይሠራም። ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ሥራ ግን ሁልጊዜ እንደ ሙከራ ነው የሚታየው፤ ሠርቶ እንኳ ካሳየ በኋላ።

የአሜሪካን ፌደራል መንግሥት ገንዘብ ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ የሚያኩራራ ነገር የለውም። በ2006 የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ ስቴቶች ሁሉ መዝገባቸውን በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ያላደረገ ስቴት ለፖሊስና ለፍትሕ ሥራ ከሚሰጠው የፌደራል ድጎማ 10 ከመቶ ይቀነስበታል። ቴክሳስ ሒሳቡን ሠራች። ሕጉን ለመፈጸም 38.7 ሚሊዮን ዶላር፣ ባለመፈጸም የሚቀርባት 1.4 ሚሊዮን። ቅጣቱን መረጠች። ቴክሳስን ለወንጀለኛ ትራራለች ብሎ የሚያማ የለም። ሚኒሶታም ከማይፈጽሙት ብዙኃኑ ስቴቶች ጋር ናት፤ እሷ ደረጃ የምታወጣው የሰውየውን አደገኛነት መዝና ነው፣ የፌደራሉ ግን የወንጀሉን አንቀጽ አይቶ ነው። በኔ አስተያየት የሚኒሶታው ይሻላል። አንቀጽ ማንንም አይከታተልም።

"ለሱ ገንዘብ ከምትሰጡ ለተጎዳችው ልጅ ለምን አትሰጡም?" የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝም እሱ ነው። እውነትም ለተጎጂዎች የሚውለው ገንዘብ እየሳሳ ነው። ትልቁ የፌደራል የተጎጂዎች ፈንድ የሚሞላው ከግብር አይደለም፣ የፌደራል ወንጀል ከሠሩ ሰዎችና ኩባንያዎች ከሚሰበሰብ መቀጮ ነው፤ እሱ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጣም ቀንሷል። የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ሰው እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ልጅቷም ኤጀንቱም በአንድ ወገን ሆነው ፍርፋሪ ሲጠብቁ፣ ትልቁ እንጀራ ወደ ሙስ ሌክ ይሄዳል። ሁለቱን ለማጣላት ለምን እንደምንቸኩል እንጃ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ የሰፈራችን ሐበሻ በሙሉ የመዝገቡን ካርታ ስልኩ ላይ ከፈተ። ቀይ ነጥብ ቆጠራ ሆነ። "ከኛ በሁለት ብሎክ አንድ አለ!" እየተባለ በቫይበር ሲዞር ከረመ። መልካም፣ ይወቁ። ግን ለፖሊስ ከደረሱት የሕፃናት ጥቃቶች ውስጥ ከመቶ 93ቱ ልጁ በሚያውቀው ሰው የተፈጸሙ ናቸው፤ ከመቶ 34ቱ በቤተሰብ። የፌደራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው። ካርታው ላይ የሌለው ሰው ነው የሚያሰጋው። ሳሎናችን የሚተኛው ደባል። ሁላችንም የምናከብረው የቤተሰብ ወዳጅ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልን።

እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ኮሚኒቲያችን ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ አለ? ሽማግሌ ይላካል። "ገመና ነው፣ ለፈረንጅ አይሰጥም" ይባላል። "የልጅቷን ዕድል እንዳናበላሽ" ይባላል። ሰውየው ሌላ ስቴት ይዛወራል፣ ወይ ሌላ አጥቢያ ይቀይራል፣ እዚያም ልጆች አሉ። እና ያው ሽማግሌ እሑድ ዕለት ካርታው ላይ ስላለው ነጭ ሰውዬ ሲንገበገብ ትሰሙታላችሁ። ይሄን ስጽፍ የሚቀየመኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይቀየም።

ለዚህ ሁሉ በጀት ውስጥ ምን አለ? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ለወላጆች የሚነገር ትምህርት፣ እናት በራሷ ቋንቋ የምትደውልበት መስመር፣ ሴት አስተርጓሚ። የስብሰባው ማታ እንኳ ለእማማ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ ያውም ወንድ፣ ያውም ጎረቤት። ሴት ልጃቸው ላይ የደረሰ ነገር ቢኖር በኔ በኩል ይናገሩት ነበር? አይናገሩትም። አስተርጓሚ ደግሞ ከ120,000 ዶላር አንጻር ስንት ነው?

ጥሩ ነገርም አለ። በ2023 የሚኒሶታ ምክር ቤት ለአመክሮና ለቁጥጥር የሚሰጠውን የስቴት ገንዘብ በአዲስ ቀመር አስተካክሎ ጨመር አድርጎታል። ከዚያ በፊት ገንዘቡ እንደየካውንቲው አሠራር እየተለያየ ስለሚሰጥ፣ አንዱ ጋ ኤጀንት ፋታ ሲኖረው ሌላው ጋ መተንፈሻ የሌለው ነበር። ገንዘቡ ካውንቲው ጋ ከደረሰ በኋላ ግን እንዴት እንደሚደለደል የሚወስኑት የካውንቲው ኮሚሽነሮች ናቸው፣ እነሱን ደግሞ የምንመርጣቸው እኛ ነን፤ ዜግነት የወሰድነው ማለቴ ነው።

የካውንቲ በጀት ከመጽደቁ በፊት በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ማድረግ በሕግ ግዴታ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው የሚሆነው፣ ሥራ ላይ ነበርኩ ለማለት አይመችም። አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የንብረት ግብሬ ጨመረ የሚል ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ዘንድሮ ሦስት ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ የደረጃ 3 ኤጀንት ስንት ሰው ይዟል? ለሚለቀቁ ሰዎች ስንት አልጋ ተከራይታችኋል? በአማርኛ የሚያናግር የተጎጂዎች አማካሪ አላችሁ ወይ? እማማ "እኔም እመጣለሁ፣ የልጅ ልጆቼንም ይዤ" ብለዋል። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ ይቀረኛል፤ መምጣት የሚፈልግ ከታች ይጻፍልኝ።